የፕሮግራም ጸሐፊዎች ምሽት በነፋስ መውጫ

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ተወልደን በየዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ ዘመድ አዝማዱ ደጋግሞ የሚያቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ለመሆኑ የምትማሩት ትምህርት ምን ይሠራል?» የሚል ነው። የሕክምና ተማሪ ለዚህ መልስ አይቸግረውም፤ የእርሻ ተማሪም እንዲሁ። እኛ ግን «ለኮምፒዩተር ትእዛዝ እንጽፋለን» ብለን ገና ሳንጨርስ «እንግዲያው ይህን ስልክ አንዴ እዩልኝ» ተብሎ የተሰነጠቀ ስልክ በእጃችን ይቀመጣል። ስልኩን አይተን እንመልሳለን፤ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ይቀራል።

ይባስ ብሎ እኛው እርስ በርሳችን አንተዋወቅም። ከወገዳ የመጣው ባሕር ዳር፥ ከዐርብ ገበያ የመጣችው ጎንደር፥ ከመካነ ኢየሱስ የመጣው ደብረ ታቦር ይማራል። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ የሚደክምበትን ችግር ሌላው ከዓመት በፊት ፈትቶት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማን ለማን ይንገረው? ስለዚህ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በላይ ጋይንት ከተማ በነፋስ መውጫ አንድ አዳራሽ ለምነን የፕሮግራም ጸሐፊዎች ምሽት አደረግን። እንዲህ ያለው ምሽት ምን እንደ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣና በእኛ እጅ እንዴት እንደ ሆነ በሌላው ክፍል ለምትማሩ ጓደኞቻችን ለመግለጽ እንሞክራለን፤ ያበላሸነውንም አንደብቅም።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎች በወር ወይም በሁለት ወር አንድ ጊዜ ከሥራ በኋላ ይሰበሰባሉ። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች እየተነሡ ለ20 ደቂቃ ያህል ራሳቸው ስለ ሠሩት አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ከእነርሱ በኋላ 5 ደቂቃ ብቻ የሚፈቀድላቸው ይከተላሉ፤ ንግግሩ ሲያልቅ ሁሉም ተነሥቶ ቡና እየጠጣ ይጫወታል። አስተማሪ የለም፤ ፈተና የለም፤ የምስክር ወረቀትም አይሰጥም። እንግዲህ ሰው ለምን ይመጣል ቢባል፥ የሚመጣው ሥራውን ለሚገባቸው ሰዎች ለማሳየትና ስሕተቱን በነጻ ለመታረም ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሌለ ምሽቱ ተራ ግብዣ ይሆናል።

በዓለም ከታወቁት እንዲህ ካሉት ስብሰባዎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1975 በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ በመንሎ ፓርክ ከተማ ተጀመረ። ቦታው ትልቅ አዳራሽ ሳይሆን ጎርደን ፍሬንች የተባለ ሰው መኪናውን የሚያሳድርበት ቤት ነበር። የተሰበሰቡት ሰዎች በዚያን ጊዜ ገና የወጣውንና ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን አልቴር 8800 የሚባለውን ኮምፒዩተር ለማየት ነበር የመጡት፤ ማኅበሩም «ሆምብሩ የኮምፒዩተር ክበብ» ተባለ። ከዚያ ምሽት ተካፋዮች አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ነበር። እርሱም በኋላ አፕል 1 ለተባለው ኮምፒዩተር የነደፈውን ንድፍ ለክበቡ አባሎች በነጻ ያድል ነበር። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው ኩባንያው ምን ያህል እንደ ከበረ ለማሳየት ነው። እኛን የገረመን ግን ሌላው ነው፤ አንድ ሰው ገና ያላለቀውን ሥራ ይዞ ከእርሱ በላይ በሚያውቁ ሰዎች ፊት መቆሙና እነርሱም አለመሳቃቸው ነው።

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው አይስአዲስ የወጣት ፈልሳፊዎች መሰብሰቢያ ሆኗል፤ የጉግል ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቡድንም በከተማይቱ ስብሰባ ያደርጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ትእዛዝ አጻጻፍ ለማስተማር የታቀደው ሥራ ተጀምሯል። ትምህርቱ የሚሰጠው በኢንተርኔት ሲሆን የጨረሰ ሰው የምስክር ወረቀት ያገኛል። ይህ መልካም ነው፤ ከእኛም ውስጥ የተማሩበት አሉ። ነገር ግን ለብቻ ከመስታወት ፊት ተቀምጦ መማር አንድ ነገር ነው፤ ተነሥቶ «ይህን ሠራሁ፤ እዚህ ላይ አልሆነልኝም» ማለት ሌላ ነገር ነው።

እንዲህ ያለው ጉባኤ ለጋይንት ሰው ከፈረንጅ አገር የመጣ አዲስ ነገር ነው የሚል ቢኖር ግን ተሳስቷል። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው የቤተ ልሔም አገር ናት፤ የቅኔ ቤትን ሥርዓትም ከመካከላችን ብዙዎቹ በወንድማቸው ወይም በአጎታቸው ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ በየዛፉ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። የቆጠረውን ይዞ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል፤ ቤቱ ያልመታውን፥ ምሥጢሩ ያልገጠመውን በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል። ጀማሪውም ረጅሙን ቅኔ እንዲሞክር አይገደድም፤ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። እኛ «የ5 ደቂቃ ንግግር» የምንለው ከዚህ በምን ይለያል? ልዩነቱ በቅኔ ቤት የመጨረሻው ቃል የመምህሩ መሆኑ ነው። በእኛ ዘንድ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው መሣሪያው ነው፤ ትእዛዙ ትክክል ካልሆነ አይሠራም፤ ተናጋሪው ምንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን አያድነውም።

ወደ ምሽታችን እንመለስ። ነፋስ መውጫን የመረጥነው ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ ስለሚያልፍባት ነው። ስሟ እንደሚመሰክረው ምሽቷ ለስብሰባ የሚጋብዝ አይደለም፤ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ጋቢ ያልያዘ ሰው ይጸጸታል። ለ25 ሰው ብለን ያዘጋጀን ሲሆን 37 መጡ። ፕሮጀክተር ተውሰን፥ ሁለት ማከፋፈያ ይዘን፥ ላፕቶፖቹን ሁሉ ከቀትር ጀምሮ ኃይል ስንሞላ ዋልን፤ ይህ የመጨረሻው ጥንቃቄ በኋላ አዳነን።

መጀመሪያ የተናገረችው የታች ጋይንት ልጅ ናት፤ ርእሷም «ፊደላችን በኮምፒዩተር ውስጥ ቁጥር ነው» የሚል ነበር። እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር መስጠት ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ አቶ ፍሥሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን በአሜሪካ ሆነው ግዕዝን በኮምፒዩተር ለመጻፍ ሲደክሙ ዓለም የተስማማበት የግዕዝ ቁጥር ገና አልነበረም። ከእነርሱም በኋላ የወጡት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይጠቀሙ ስለ ነበር፥ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ይታይ ነበር። ይህ ችግር መፍትሔ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለምን ፊደሎች ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ የሚያስገባው ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ ግዕዝን ሲቀበል ነው።

ከዚህ ቀጥላ ያሳየችን ነገር ብዙዎቻችን አራት ዓመት ተምረን ያላስተዋልነው ነበር። በሰንጠረዡ «ሀ» 4608 ነው፤ «ሁ» 4609፥ «ሂ» 4610 እያለ ይሄዳል፤ «ለ» ደግሞ 4616 ነው። ለእያንዳንዱ ቤት 8 ቦታ ተሰጥቷል ማለት ነው። እንግዲህ የማናቸውንም ተራ ፊደል ቁጥር ለ8 አካፍለን ቀሪውን ብንመለከት ፊደሉ ስንተኛ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ቀሪው 0 ቢሆን ግዕዝ፥ 1 ቢሆን ካዕብ፥ 5 ቢሆን ሳድስ ነው። በልጅነታችን በዜማ የቆጠርነው ገበታ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ እንዳለ ተደርድሮ ተቀምጧል። ይህን ስትናገር ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ በዜማ ሲጀምር አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

የንግግሯ ቁም ነገር ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። «ሀ»፥ «ሐ» እና «ኀ» በአፋችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን 4608፥ 4624 እና 4736 ናቸው። «ሰ» እና «ሠ»፥ «አ» እና «ዐ»፥ «ጸ» እና «ፀ» እንደዚሁ። ስለዚህ በመዝገብ «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈን ሰው «ሀይሉ» ብለን ብንፈልገው መሣሪያው «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ይላል። የአገራችንን ስም እንኳ አንዱ «ስማዳ»፥ ሌላው «ሲማዳ» ብሎ ይጽፈዋል፤ በሁለቱ ስም የተመዘገቡትን ሰዎች አንድ ላይ የሚቆጥር ሰው እንደ ሁለት ወረዳ ይቆጥራቸዋል። እርሷ የጻፈችው ፕሮግራም ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ሁሉ ወደ አንዱ ይለውጥና ከዚያ በኋላ ያመሳስላል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በ40 መስመር ያህል ያልቃል።

እዚህ ላይ አንድ የአማርኛ ክፍል ተማሪ እጁን አነሣና «እኅቴ ሆይ፥ ሠረቀ እና ሰረቀ አንድ ናቸውን?» ብሎ ጠየቀ። አንደኛው ወጣ ማለት ነው፤ ፀሐይ እንደሚወጣው። ሁለተኛው የሌባ ሥራ ነው። ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። መልሷን ግን እስከ ዛሬ እናስታውሰዋለን፤ «ለመፈለጊያ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ቅጅ ማድረግ እንጂ ሰውየው የጻፈውን ዋናውን መለወጥ አይገባኝም ነበር፤ እኔ ዋናውን ለውጬዋለሁ» አለች። በዚያው ምሽት አስተካከለችው። አንድ የአማርኛ ተማሪ በአንድ ጥያቄ ያረመውን ስሕተት እኛ የሙያ ጓደኞቿ ለሁለት ሳምንት ስናየው አላስተዋልነውም ነበር።

ሁለተኛው ተናጋሪ ከእስቴ የመጣ ነው። ተነሥቶ ገና ርእሱን ሳይጨርስ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ሞተ፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ቀጠለ። አንዳንዶቻችን ምሽቱ አለቀ ብለን ተነሣን። አዳራሹን የሚጠብቁት አባት ግን ከጓዳ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ አውጥተው ሰጡን፤ በስልኮቻችን መብራት ሰሌዳውን እያበራን ንግግሩ ተጀመረ። እውነቱን ለመናገር በሰሌዳ መሆኑ ጠቀመን። በፕሮጀክተር የሚናገር ሰው ገጹን ቶሎ ቶሎ ያሳልፋል፤ በጠመኔ የሚጽፍ ሰው ግን ከአድማጩ አሳብ ጋር እኩል ይራመዳል።

ርእሱ ባሕረ ሐሳብ ነበር፤ ማለት በቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ቀመር ነው። ተናጋሪው ቀመሩ ከጥንት ጀምሮ በቃል ሲጠና የኖረ የተሟላ ፕሮግራም ነው ብሎ ስለሚያምን በኮምፒዩተር ቋንቋ ጽፎታል። የ2018 ዓ.ም.ን ፋሲካ በሰሌዳው ላይ እንዲህ አወጣልን። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይህን ለ19 ማካፈል፤ 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 12 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 መግደፍ፤ 132 በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 አባዝቶ በ30 መግደፍ፤ 228 በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅ ነው። መጥቁ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅ በመስከረም፥ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ እዚህ መስከረም 18 ሆነ። በ2018 ያ ቀን እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ስለ ሆነ 18 እና 7 ተደምሮ 25 ይሆናል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ። በዚያ ላይ 69 ቀን ሲጨመር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ይሆናል።

ለኮምፒዩተር ተማሪ በዚህ ውስጥ የሚያስደንቀው ምንድን ነው ቢባል፥ በ30 «መግደፍ» የሚባለው እኛ በመጀመሪያ ዓመት ስንማረው የቀሪ ስሌት ከምንለው ጋር አንድ መሆኑ ነው። ኤሌክትሪክም ወረቀትም ሳይኖር፥ በጣት እየተቆጠረ የሚሠራ ቀመር እንዲሆን ከመግደፍ በኋላ የሚተርፉት ቁጥሮች ከ30 እንዳይበልጡ ተደርጓል። ተማሪው በቃሉ የሚይዘው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ የቀሩትን ከእነዚያ ያወጣቸዋል።

ከዚያ ተናጋሪው ላፕቶፑን ወደ እኛ አዞረና ከ2018 ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄደ ፋሲካን በየዓመቱ እንዲያወጣ አዘዘው። ሁላችንም ተጋፍተን ከበብነው። 2017፥ ሚያዝያ 12፤ 2016፥ ሚያዝያ 27፤ እያለ መልካም ሄደ። 2006 ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመና ስሕተት አለ፤ «ጥቅምት 0 የሚባል ቀን የለም» የሚል ነበር። ተናጋሪው ደነገጠ። ለ2005 ተዘጋጅቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ዓመተ ዓለሙ ለ19 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ወንበሩን ያለ ጥንቃቄ ቢያወጣ ከዜሮ በታች ይሆንበታል፤ ትክክለኛው ግን 18 ነው። ይህን አውቆ አስተካክሎ ነበር። ዜሮ ግን ምንም የማያጠፋ ቁጥር ስለሚመስል አልተጠራጠረውም።

ከመካከላችን አራትና አምስት ሰዎች በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። አንዱ የቀን ማውጫው ተበላሽቷል አለ፤ ሌላው ፕሮግራሙ እንደገና ይጀመር አለ። በዚህ መካከል ከወንድሙ ጋር የመጣና እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድ ቃል ያልተናገረ የአብነት ተማሪ ነጠላውን አስተካክሎ ከበሩ አጠገብ ተነሣና፥ «ወንድሜ፥ በ2006 ወንበሩ አልቦ ነው፤ ወንበሩ አልቦ ሲሆን አበቅቴውም አልቦ ነው፤ መጥቁ ግን 30 ነው። አበቅቴና መጥቅ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ይሆናሉ እኮ» አለ። ተናጋሪው ጠመኔውን አንሥቶ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ሁለተኛውን ማባዣ ሰረዘና በምትኩ «መጥቅ = 30 - አበቅቴ» ብሎ ጻፈ። አንድ መስመር አጠረ፤ ስሕተቱም ጠፋ። እንደገና ሲያዝዘው 2006 «ሚያዝያ 12» ብሎ አለፈ፤ በእውነትም በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነበር።

የአብነት ተማሪው ከዚህ በኋላ ወደ ፊት እንዲቀመጥ ተለመነ። እኛም ሌላ ነገር ጠየቅነው፤ መጥቁ ልክ 14 ቢሆንስ በየትኛው ወር ይውላል? «አይመጣም» አለ። አላመንነውም። 19ኙን ወንበር ሁሉ አስወጥተን ስናይ በእርግጥ 14 ከመካከላቸው የለም።

አጫጭሮቹ ንግግሮች አራት ነበሩ፤ ሁሉን ማተት አያስፈልግም። ከሁሉ የሚበልጠው የጤና መረጃ ተማሪ የሆነችው የስማዳ ልጅ ያቀረበችው ነው። ወሩ 12 ብቻ በሆነ ቅጽ ላይ በጳጉሜን የተወለደ ሕፃን የት ይጻፋል? ጸሐፊው ወይ ነሐሴ 30 ይለዋል ወይ መስከረም 1፤ ሁለተኛውን ቢል ልጁ ዓመት ይዘልላል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ደግሞ 13ኛውን ወር የሚያውቁት ፕሮግራሞች እንኳ አንዳንዶቹ 6ኛዋን ቀን አይቀበሉም። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ «ነገ 3 ሰዓት ይምጡ» ተብሎ በአፍ የተነገረው ቀጠሮ በወረቀት 9፡00 ተብሎ ከታተመ፥ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ሕመምተኛ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ይህን በ5 ደቂቃ ተናግራ ተቀመጠች፤ ንግግሯን ለማሳመር አንድ ቃል አልጨመረችም።

ሌላው ያለ ኢንተርኔት ስለ መሥራት ተናገረ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዐማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ የኮምፒዩተር ቋንቋዎቹን መመሪያና ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም የሚነበበውን ዊኪፔዲያ በፍላሽ ይዞ የነበረ ተማሪ ሥራው አልቆመም። የመጣውም ሰው ሁሉ ፍላሹን እያወጣ ይገለብጥ ጀመር። ሦስተኛው ስለ ድንች ዋጋ መመዝገቢያ ነበር፤ ገና ጅምር ነው። አራተኛው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዓለምን መለወጥ ብዙ ተናገረ፤ የሠራውን አሳየን ሲባል ግን የሚያሳየው አልነበረውም። በጨዋነት አጨበጨብንለት። ለሚቀጥለው ጊዜ ግን የሚታይ ነገር ያልያዘ ሰው እንዳይናገር ወስነናል።

ከንግግሩ በኋላ ያለው ጨዋታ እንደ ትርፍ ነገር ይቆጠራል፤ እኛ ግን ግማሹ ሥራ በዚያ እንደ ተሠራ አይተናል። በቡናና በገብስ ቆሎ ዙሪያ ሆነው ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት የመመረቂያ ሥራ መጀመራቸውን ዐወቁ፤ አንደኛው ከእስቴ፥ ሌላው ከላይ ጋይንት ነው። ሥራ ፈላጊው የጻፈውን ማመልከቻ ከእርሱ ቀድሞ ሥራ ለያዘው አሳየ። ላፕቶፕ የሌላት የ2ኛ ዓመት ተማሪ፥ ቁልፉ የተነቀለ ቢሆንም የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ በውሰት አገኘች። በትልልቅ ከተሞች በሚደረጉት ምሽቶች ካኔቴራና ብዕር ይታደላል ሲባል ሰምተናል፤ የእኛ እድላ ይህ ነበር።

አዳራሹን የሚጠብቁት አባት ቡናቸውን ይዘው ከእኛ ጋር ተቀምጠው ነበር። «ልጆቼ፥ ይህ ዕቃ የመጪውን ዓመት ፋሲካ ካወቀ፥ የመጪውን ክረምት ዝናብስ ያውቃል?» አሉ። «አባባ፥ ያንን አያውቅም፤ ፋሲካ ቀመር አለው፤ ዝናብ ግን የብዙ ዓመት መዝገብ ይፈልጋል» አልናቸው። «እንግዲያው መዝገቡን ጀምሩታ» አሉና ሲኒያቸውን አስቀመጡ። የሚመልስ ሰው አልተገኘም።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። ከ37ቱ ውስጥ ሴቶቹ 9 ነበሩ፤ ቡናው ሲፈላ የቀሩት 2 ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ እንኳ ስለ ሥራዋ ሊጠይቋት የፈለጉት ሰዎች ሳያገኟት ወጣች። ምክንያቱን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም፤ መንገዱ ጨለማ ነው፤ ቤተሰብም ይቆጣል። ምሽት የተባለበት ምክንያት በከተማ ሰው ከሥራ የሚወጣው ያን ጊዜ ስለ ሆነ ነው፤ እኛ ግን በዕረፍት ላይ ያለን ተማሪዎች ነን፤ ቀኑ ሙሉ የእኛ ነው። የሌላውን ሰዓት ሳናስብ ወስደን ከጓደኞቻችን ሩቡን ያህል ግማሹን ሥራ ከለከልናቸው። አንዳንድ ወንድሞቻችን «እንሸኛቸው ነበር» ብለው ተከራክረዋል። ሴቶቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን መሸኘት ሳይሆን ሰዓቱ እንዲለወጥ ነው የፈለጉት።

ሁለተኛው ጥፋት የማደሪያ ነገር ነው። ከስማዳ የመጡት ሦስት ልጆች የት እንደሚያድሩ ማናችንም አስቀድመን አልጠየቅንም፤ ሌሊቱን በአንድ ጓደኛችን ቤት ተደራርበው አደሩ። ሦስተኛው የገንዘብ ነው፤ እያንዳንዳችን 50 ብር አዋጥተን ለቡናው፥ ለስኳሩና ለቆሎው በቅቶናል፤ ፕሮጀክተሩን ለማመላለስ የከፈልነው ግን ከሁሉ በልጦ ተገኘ። ፕሮጀክተሩ የሠራው ደግሞ ለ25 ደቂቃ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው በእስቴ፥ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፥ በመጪው የዕረፍት ጊዜ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እስከ 11 ሰዓት ይሆናል፤ ስሙ ግን ስለ ለመድነው «ምሽት» እንደ ተባለ ይቀራል። ፕሮጀክተር አይኖርም፤ ሰሌዳና ጠመኔ ይኖራል። የሩቅ አገር ሰዎች ማደሪያ ከወዲሁ እየተመዘገበ ነው። የታች ጋይንቷ ልጅ የተስተካከለውን የስም መፈለጊያዋን ታቀርባለች። የአብነት ተማሪውም 5 ደቂቃ እንዲናገር ተጠይቆ እሺ ብሏል፤ ርእሱን ግን ገና አልነገረንም። መናገር የምትፈልጉ ከሌላው ክፍል ያላችሁ ጓደኞቻችን ስማችሁን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በተሰቀለው ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የምታሳዩት ነገር ያላለቀ ቢሆን ይመረጣል። ማከፋፈያ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።